ግድግዳው ላይ የሌለ ሂሳብ

በፈተና ሰሞን ከጂም ቀርቼ ዛሬ ስመለስ «የካርድ ማደሻ» የሚል ተጨማሪ ክፍያ ጠበቀኝ። «እህቴ፣ ደንቡ ነው» አለችኝ ተቀባይዋ። የት እንደተጻፈ ጠየቅኋት። ከኋላዋ የዋጋ ዝርዝሩ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፦ የወር፣ የሦስት ወር፣ የዓመት። ማደሻ የሚል መስመር የለም። ዞር ብላ፣ አይታው እንደማታውቅ ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ጠራች፤ ሂሳቡም ተሰረዘ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። ለተማሪ ይህ ገንዘብ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ነው። ከእኔ በፊት ዝም ብለው የከፈሉትስ? የእነሱም እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። እዚያ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።