ከብልጭታ ወደ ብሌዛር፦ የጋማ ጨረር ትምህርቴ የደረሰበት

ከንድፈ ሐሳቡ ወጥቼ ወደ መረጃው ገብቻለሁ። ናሚቢያ የሚገኘው የሄስ ቴሌስኮፕ ቡድን በ2018 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከምልከታዎቹ ጥቂቱን ለማንም ክፍት አድርጓል፤ ይህን መረጃ የሚተነትነው ጋማፓይ የተባለ የፓይተን ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ከሩቅ ጋላክሲ የመጣው ጋማ ጨረር (እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን) መሬት አይደርስም። ከባቢ አየሩን ሲመታ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይለወጣል፤ እነሱም ሌላ ያፈራሉ፤ እንዲህ እየተባዛ የቅንጣት ዶፍ ይወርዳል። ቅንጣቶቹ ብርሃን አየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚበልጡ የቼሬንኮቭ ብልጭታ ይፈጥራሉ፤ ሰማያዊ ነው፣ ጥቂት ናኖሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ካሜራው የሚይዘው ይህንኑ ብልጭታ ነው። አየሩ ራሱ የመሣሪያው አካል ስለሆነ ደመናና አቧራ የጉልበት ልኬቱን ያዛባሉ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማጣራቱን መረዳት ነው። አብዛኛው ብልጭታ ከጋማ ሳይሆን ከፕሮቶንና ከሌሎች ኮስሚክ ጨረሮች ይመጣል። የጋማው ምስል ቀጠን ያለ ሞላላ ሲሆን የፕሮቶኑ የተበታተነ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማይክል ሂላስ በ1985 ምስሉን በርዝመት፣ በስፋትና በአቅጣጫ መለካትን አቀረበ። የዊፕል ቴሌስኮፕ በዚህ መንገድ በ1989 ክራብ ኔቡላን (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት)፣ በ1992 ደግሞ ማርካሪያን 421ን አገኘ፤ የኋለኛው ከእኛ ጋላክሲ ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው የቴራ ኤሌክትሮን ቮልት (የትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት) ምንጭ ነው። ክፍቱ መረጃ ይህን ማጣሪያ አልፎ የመጣ ነው፤ ያም ሆኖ አታላይ ፕሮቶን አይጠፋውም። ስለዚህ ከካሜራው መሃል እኩል ከሚርቁ ባዶ የሰማይ ክፍሎች ተቆጥሮ ይቀነሳል። የሙያው ጥበብ ያለው እዚህ መቀነሱ ላይ ይመስለኛል፤ የሚያምረው የሰማይ ካርታ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው።

ከዚያ ወደ ፒኬኤስ 2155-304 ሄድኩ። ይህ ብሌዛር (መሃሉ ካለው ብላክ ሆል ወደ እኛ ያነጣጠረ ፍንጥቅ የሚረጭ ጋላክሲ) በጁላይ 2006 በኃይል ሲፈነዳ ብርሃኑ በ200 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተለዋውጧል። ሂሳቡን በእጄ ስሠራው ደነገጥኩ፦ ብርሃን በ200 ሰከንድ የሚሄደው 60 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያበራው ምንጭ ከዚያ ብዙም ሊበልጥ አይችልም፤ ሞተሩ የሆነው የቢሊዮን ፀሐይ ክብደት ያለው ብላክ ሆል ግን ራዲየሱ 3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህላል። ምንጩ ከሞተሩ ሊያንስ ነው ማለት ነው! የሚቀርበው ማብራሪያ፣ የሚያበራው ፍንጥቅ ወደ እኛ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ስለሚመጣ ጊዜው ተጨምቆ ይታየናል የሚል ነው። ያም ሆኖ የሚፈለገው ፍጥነት እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ክርክሩ አልተዘጋም።

አሁን ስፔክትረሙ ላይ ነኝ። ጉልበቱ ከፍ ሲል የሚደርሰን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በጣም ይሳሳል፤ ከዋክብት በዘመናት የለቀቁት የኢንፍራሬድ ብርሃን መንገድ ላይ ስለሚውጠው ነው። ቀጥሎ የመዋጡን ሞዴል ጨምሬ እንደገና አሰላዋለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የዶሚንጌዝን ሞዴል ነው የፍራንቼስኪኒን የምትመርጡት?