ደረጃ 25 ጋኔን በተበከለ ደን ውስጥ

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ወክለው በሚጫወቱት በፓዝፋይንደር የሚና ጨዋታ ዓለም እንደ ታንግልብራየር ተጫዋችን የሚያስጨንቅ ቦታ ጥቂት ነው። ኤልፍ የተባሉት ምናባዊ ፍጡራን አገር በሆነችው በኪዮኒን ደቡብ የሚገኘው ይህ ደን፣ ከአጋንንት ዓለም የተባረረው ትሪሬዘር የተባለ ጋኔን ስለሰፈረበት ዛፉም አፈሩም ተመርዟል።

የፈተናው ክብደት በግልጽ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትም ቁጥሮች ላይ ነው። የኃይል መለኪያ በሆነው ደረጃ የተጫዋቾች ገጸ ባሕርያት ከ20 አያልፉም፤ ትሪሬዘር ግን ደረጃ 25 ነው። የውጊያ ማመጣጠኛው ሠንጠረዥ ቡድኑን በአራት ደረጃ ከሚበልጥ ጠላት በላይ አይሄድም፤ ያንኑም ቢሆን ቡድኑን ሊደመስስ እንደሚችል አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚያ ላይ የጥቃቱ ውጤት የተጠቂውን የመከላከያ ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ ጉዳቱ እጥፍ ስለሚሆን፣ ፊት ለፊት ተሰልፎ መግጠም ሞትን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ከአነስተኞቹ አጋንንት ጋር በሚደረገው ውጊያ ግን ብልሃት ይሠራል። ተጫዋች በየተራው ሦስት ድርጊቶች አሉት፤ ሦስተኛው ምት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቃቱ ውጤት 10 ተቀንሶበት ስለሚሰነዘር፣ ልምድ ያለው ተዋጊ በእሱ ፈንታ ያፈገፍግና ጠላቱ ለመከተል አንድ ድርጊት እንዲያባክን ያስገድደዋል።

እኔ ጨዋታውን ስመራ የምወደው ግን ደኑ ራሱ ይህን ብልሃት ሲያከሽፍ ነው (ተጫዋቾቼ በዚህ አይስማሙም)። ሥርና ጭቃ በበዛበት መሬት በጨዋታው ካርታ ላይ ያለው እያንዳንዱ ባለ 5 ጫማ ካሬ ከእርምጃው ተጨማሪ 5 ጫማ ስለሚያስከፍል፣ 25 ጫማ የሚራመድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ድርጊት የሚያፈገፍገው ሁለት ካሬ ብቻ ነው።