አረንጓዴ ነው ተብሎ የሚታለፍ አንበጣ

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ስለገጠመው ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ አረፈ። ያ መንጋና በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለው የሽንሌ ሜዳ ቁጥቋጦ ሥር ብቻውን የሚደበቀው አረንጓዴ ኩብኩባ (ገና ክንፍ ያላወጣ አንበጣ) አንድ ዝርያ፣ የበረሃ አንበጣ፣ ናቸው። ዘረመላቸውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሲያድጉ ስንት ጎረቤት እንደነበራቸው ነው። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ. በሌላ የአንበጣ ዓይነት ይህንኑ እስኪያሳይ ድረስ ሁለቱ መልኮች እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጠሩ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናብ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ጥልቀት ትጥላለች። ኩብኩባው ከተፈለፈለ በኋላ ሣሩ እየደረቀ ሲሄድ ሁሉም በቀረችው ልምላሜ ላይ ይጨናነቃል፤ የኋላ ጭናቸውም ይነካካል። በቤተ ሙከራ ጭኑን ለ4 ሰዓት ያህል ደጋግሞ መዳበስ ብቻውን ጠባዩን ይለውጠዋል፤ በደረቱ የነርቭ አንጓዎች ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ይጨምርና ከብጤው ይሸሽ የነበረው ወደ ብጤው መሄድ ይጀምራል።

ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ጠባይ በሰዓታት ይለወጣል፤ ቢጫና ጥቁሩ ቀለም ግን ቆዳ መቀየርን ይጠብቃል፤ የአካል ቅርጽ ደግሞ ከአንድ ትውልድ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «ገና አረንጓዴ ነው» ብሎ ማለፍ መዘግየት ነው። ቀለሙ ራሱም ሙሉ ምስክር አይደለም፤ ብርድም ያጠቁረዋል።

ባለሙያዎች በጎልማሳው ላይ የኋላ ጭኑን ርዝመት ለጭንቅላቱ ስፋት ያካፍላሉ። ውጤቱ 3.15 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የመንጋ፣ 3.75 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የብቸኛ፣ በመካከል ከሆነ የሽግግር መልክ ነው። ልኬቱ ጥሩ ነው፣ ግን የሚናገረው ስላለፈው አስተዳደግ እንጂ ስለ ዛሬ ጠባይ አይደለም። ለዛሬው በጠዋት ወጥቶ ማየት ይሻላል፦ ፀሐይ ሲሞቁ ተጠጋግተዋል ወይስ ተበታትነዋል? አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹ ይከተላሉ?

እናቲቱም የራሷን ኑሮ ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ተጨናንቃ የኖረች እንቁላሏ በቁጥር ያነሰ፣ በመጠን የተለቀ ነው፤ ልጆቿም ገና ሲፈለፈሉ ወደ መንጋ ያዘነብላሉ። ስለዚህ መንጋው ቢበተንም መልኩ ወዲያው አይጠፋም።

«አንበጣ መንጋ መሆንን ተላመደ» ሲባል ይሰማል፤ አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በዝግመተ ለውጥ የተቀረጸው ለመጨናነቅ መልስ የመስጠት ችሎታው ነው። የበረሃ አንበጣ የቅርብ ዘመዶች አብዛኞቹ የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ነው፤ ከእነሱ መንጋ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። መንጋ ከማይሠሩት አንዳንዶቹ ግን በጠባብ ሳጥን ተጨናንቀው ሲያድጉ ቀለማቸው ይቀየራል።