ስፔሊንግ መሸምደድ ትቼ «ለምን?» ማለት ስጀምር

ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ሕግ ያለው አይመስለኝም ነበር። ቃሉን ትሸመድዳለህ፤ ከጠፋብህ ጠፋ። ሳነብ ይገባኛል፣ ሳወራም እግባባለሁ። መጻፍ ላይ ስደርስ ግን እጄ ይያዛል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የሥራ ማመልከቻ ነው። መጨረሻው ላይ «መልሳችሁን ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት «ሆፒንግ» የሚለውን ቃል በሁለት ፒ ጻፍኩት። ከላክሁት በኋላ ጓደኛዬ አየውና «በሁለት ፒ ሲጻፍ እኮ በአንድ እግር እየዘለልኩ ነው ማለት ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር አላሰመረበትም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። በጣም ከነከነኝ። ያቺ አንዲት ፒ ምን እንደምትሠራ ሳላውቅ አልተኛም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተስፋ የሚለው «ሆፕ» የሚጻፈው በኤች፣ ኦ፣ ፒ፣ ኢ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ አትነበብም፤ ሥራ ግን አላት። ከፒ በፊት ያለችው ኦ በስሟ፣ ረዘም ተደርጋ እንድትጠራ ታደርጋለች። ኢን ስናነሳት ኦ ታጥራለች፤ ቃሉም መዝለል ይሆናል። አሁን «ኢንግ» እንጨምር። ኢ ትወድቅና ሥራዋን የ«ኢንግ» መጀመሪያ የሆነችው አይ ትረከባለች። ስለዚህ ተስፋው በአንድ ፒ ይጻፋል። የመዝለሉ ኦ ግን አጭር ሆና መቅረት አለባት። አይ እንዳትደርስባት ሁለተኛ ፒ መሃል ላይ እንደ አጥር ትቆማለች።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሳሳትበት የራሳችን ምክንያት አለን። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ መጥበቁን ግን በፊደል አንጽፈውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ፊደሉን ይደርባል እንጂ በአንድ ቃል ውስጥ ድምፁን አያጠብቅም። ድርብ ተነባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን ከእሱ በፊት ስላለው አናባቢ ነው። ራት ማለት የሆነው «ዲነር» ሁለት ኤን አለው፤ ተመጋቢ የሚባለው «ዳይነር» አንድ ኤን ብቻ። ይሄን ስረዳ ስንትና ስንት ቃል በአንዴ ቦታ ቦታውን ያዘ!

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ለሁለት ከፈልኩ። በግራ የተሳሳትኩት ቃል፣ በቀኝ ምክንያቱ። ምክንያቱን ሳላገኝ ቃሉን ደጋግሜ መጻፍ አቆምኩ። የኮምፒውተሩን የፊደል ማረሚያም ለጊዜው አጠፋሁት፤ እሱ እያረመልኝ እኔ ስህተቴን አላየውም ነበርና።

አንዳንዱ ሕግ ቶሎ ገባኝ። ተነባቢን ተከትላ ቃል የምትጨርስ ዋይ፣ «ኢዲ» ሲመጣባት ወደ አይ ትለወጣለች፤ «ኢንግ» ሲመጣ ግን ሁለት አይ እንዳይገጥም ባለችበት ትቆያለች። እንግሊዝኛ በቪ የሚያልቅ ቃል አይወድም። «ሃቭ»፣ «ጊቭ» እና «ላቭ» መጨረሻቸው ላይ ኢ ያላቸው ለዚህ ነው፤ አናባቢያቸውን አታስረዝምም። «አይ ከኢ ትቀድማለች፣ ከሲ በኋላ ግን ኢ ትቀድማለች» የሚለውን ዝነኛ ሕግ ግን ብዙም አልመክርም። ከሕጉ የሚያፈነግጡት በጣም ብዙ ናቸው። እኔ ለ«ሪሲቭ» እና ለዘመዶቹ ብቻ አስቀርቼዋለሁ።

የማይነበቡት ፊደላት ያናድዱኝ ነበር። ባላባት ወይም ፈረሰኛ ተዋጊ የሚባለው «ናይት» በኬ ሲጀምር ምን ይባላል? ለካስ ኬ ድሮ ትነበብ ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፤ አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ። «ንጉሥ»ን በሠ፣ «ሰው»ን በሰ የምንጽፈው እኛስ? በግዕዝ ድምፃቸው የተለየ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሆኖ ፊደሎቹ ቀሩ። ይሄን ካሰብኩ በኋላ በእንግሊዝኛ መናደድ ተውኩ።

ደብተሬን ሳገላብጥ በጣም የበዛው ስህተቴ ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ጫና፣ ማለትም ቃሉን ስንጠራ የድምፃችን ጉልበት፣ የማያርፍባቸው አናባቢዎች ላይ ነው። ኤ ትሁን ኢ፣ ለጆሮ ወደ «ኧ» የተጠጋ አንድ ድምፅ ናቸው። «ግራመር» የሚያልቀው በኤ-አር ነው በኢ-አር? ጆሮ አይነግርህም። መፍትሔው የቃሉን ዘመድ መጥራት ነው። «ግራማቲካል» ስትሉ ጫናው እዚያችው አናባቢ ላይ ያርፍና ኤ መሆኗ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «ሳይን» ውስጥ የተደበቀችው ጂ ደግሞ «ሲግናቸር» ላይ ትወጣለች። ከተማርኩት ሁሉ ይሄን ነው አብልጬ የምወደው፤ ቃላት ቤተሰብ አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ስጽፍ «ኦፈርድ» እና «ሪፈርድ» በአንድ አንቀጽ መጡብኝ። እዚህ አር የምትደረበው ጫናው ከእሷ በፊት ባለው አናባቢ ላይ ሲያርፍ ነው። ቆም ብዬ ሁለቱንም ጮክ ብዬ አልኳቸው። የመጀመሪያው ጫናው «ኦ» ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ አር። ሁለተኛው «ፈር» ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት አር። መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ጽፌ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረድኩ።