አምስት ጀሪካን

በ2007 ክረምት፣ ኤል ኒኞ ዝናቡን ባስቀረበት ዓመት፣ በሰሜን ወሎ ቆላ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ሐምሌ ሲያልቅ ማሽላው ጉልበት እንኳ አልደረሰም፤ ያለውንም ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ወርሶት ነበር። ደህና ዝናብ ቢጥል ብዙውን አጥቦ ያወርደዋል። ድርቅና ሙቀት ሲሆን ግን ዛሬ የተወለደችው በሳምንቷ እሷም ትወልዳለች።

ከወረዳ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ስንት ሄክታር ተረጨ?

ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ማሽላ አላቸው። ዳይሜቶየት የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ግማሽ ሊትር ለክቼ ሰጠኋቸውና እንደተማርኩት አስረዳሁ፤ ለሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት፣ 200 ሊትር ውሃ።

«ለኔ ማሳ ስንት ውሃ ይሆናል?»

«100 ሊትር።»

«አምስት ጀሪካን?»

«አዎ፣ አምስት።»

ዝም አሉ። ምንጩ ከደረቀ ወዲህ ውሃ የሚቀዳው የወንዙ አሸዋ ተቆፍሮ ነው። ሌሊት የወጣ ረፋዱ ላይ ይመለሳል፤ አህያቸውም ከሁለት ጀሪካን በላይ አትችልም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ማሽላው በጥም ሲሞት አንድ ጣሳ ያጠጣው የለም። ለክሽክሹ አምስት ጀሪካን አምጪ ትለኛለህ?» ከዚያ አንድ ቅጠል ገልብጠው ቀይ ባለነጥብ ጥንዚዛዎች አሳዩኝ። «እነዚህ እየለቀሙት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ጥንዚዛዎቹ ክሽክሽ እንደሚበሉ ተምሬአለሁ። ገና በጠዋቱ ቅጠሉ መጠቅለሉንም አይቻለሁ። ዳይሜቶየት ቅጠል ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ፈሳሽ ጋር ሲዘዋወር ነው በደንብ የሚሠራው፤ የተጠማ ተክል ደግሞ ራሱን ዘግቶ ነው የሚውለው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ «ካልረጩ ሁሉንም ያጡታል» አልኳቸው። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያንን ያናገረኝ ለወረዳ የምልከው የዓርብ ሪፖርት ነው። ከዚያ ወዲህ ማሳ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ነው።

በማግስቱ ልጃቸው ረጨው። ግማሽ ሊትሩን በሁለት ጀሪካን በጥብጦ፣ በቀትር ፀሐይ። አህያዋ ያመጣችው ያን ያህል ነበር፣ የደረሰችውም ያን ሰዓት።

ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተለበለበ። ከላይ ያለው ክሽክሽ ሞተ፤ እምብርቱ ውስጥ የተሸሸገው ተረፈ። ጥንዚዛዎቹ መሬት ላይ ረግፈው አየኋቸው። እኔ ግማሽ ሄክታር ብዬ ጻፍኩ፤ ሪፖርቱም ተመሰገነ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክሽክሹ ተመልሶ ነበር፤ የሚለቅመው ግን አልነበረም።

ማሽላው ለእህል እንደማይበቃም ያን ጊዜ ለየለት። ያልተረጨው የጎረቤት ማሳም አልዳነም፤ ሁሉንም የወሰደው ድርቁ ነው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጎረቤቱ ግን አገዳውን አጭዶ የዚያኑ ዕለት ለከብቶቹ ጣለላቸው። እኚህ እናት ማጭዳቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ለላሟ ልስጣት?»

መለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ አልሞላም። «ገና ነው እናቴ፣ መርዙ አልወጣለትም።»

«ስንት ቀን ቀረው?»

ነገርኳቸው። ማጭዱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ላሟ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ማሽላውን ታያለች።