ያ 16 ከየት መጣ?

ማክሰኞ ማታ

ንጥጥር (መጠኖችን በማካፈል ማነጻጸር) እና ወደር (የሁለት ንጥጥሮች እኩልነት) ላይ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚሳሳተው ስሌቱ ከብዶት አይደለም። ስሌቱማ ማባዛትና ማካፈል ነው። ነገሩ የሚበላሸው ቀደም ብሎ፣ የትኛው ቁጥር የምን እንደሆነ ሳይለይ እርሳሱ ሲሮጥ ነው።

«ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በ1:2:3 ይደባለቃሉ። በጠቅላላው 24 ሳጥን ቢሰፈር አሸዋው ስንት ሳጥን ነው?» 2ን አይቶ 24ን ለ2 የሚያካፍል አለ፤ 12 ይላል። 12 የጠጠሩ ነው። 24ን በ2/3 አባዝቶ 16 የሚያወጣም አለ። መንገዱ ይኸው ነው፦ ድርሻዎቹ ይደመራሉ፣ 1+2+3=6፤ 24 ለ6 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 4 ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ሲሚንቶ 4፣ አሸዋ 8፣ ጠጠር 12። ሦስቱን መልሶ ደምሮ 24 መምጣቱን ማየት ምንም ጊዜ አይፈጅም፤ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

አሁን «በጠቅላላው» የምትለዋን አውጥተን «ጠጠሩ 24 ሳጥን ቢሆን» እንበል። 6 አያስፈልግም። 24 ለ3፣ አንዱ ድርሻ 8፣ አሸዋው 16። ያ 16 ያለው ልጅ ይህን ጥያቄ ነው በትክክል የመለሰው! 2/3 አሸዋን ከጠጠር ጋር ያነጻጽራል፤ ከጠቅላላው ጋር ከሆነ 2/6 ነው። እንዲህ ያለውን በቀይ ብቻ ሰርዞ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል።

«3 ኩባያ ዱቄት 4 ኩባያ ውሃ ከፈለገ፣ 6 ኩባያስ?» ሲባል 7 የሚል ደግሞ ልዩነቱን ይዞ ደምሯል። ዱቄቱ እጥፍ ሲሆን ውሃውም እጥፍ፣ 8 ነው።

አመሳቅሎ ማባዛት፣ ማለትም በሁለት እኩል ክፍልፋዮች የአንዱን ላይ በሌላው ታች ማባዛት፣ ቶሎ መማሩን አልወደውም። እጅ ይለምድና ዓይን ይተኛል። «6 ሠራተኞች ቦዩን በ10 ቀን ይቆፍራሉ፤ 15 ቢሆኑስ?» ለሚለው 25 ቀን የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰው ሲበዛ ሥራው ይዘገያል እንዴ? ከስሌቱ በፊት ሁለት ቀስት ይሣል፦ ሠራተኛ ወደ ላይ፣ ቀን ወደ ታች። ቀስቶቹ ከተቃረኑ ኢ-ርቱዕ ወደር ነው፤ የማይለወጠው ብዜቱ ነው። 6×10=60፣ 60 ለ15፣ 4 ቀን።

ቀስቶቹ አንድ አቅጣጫ ስላሳዩ ብቻም ርቱዕ ወደር፣ አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ የሚሆንበት፣ አይሆንም። ታክሲ መነሻው 50 ብር፣ በኪሎ ሜትር 10 ብር ቢያስከፍል፣ 4 ኪሎ ሜትር 90 ብር ነው፤ 8 ኪሎ ሜትር ግን 130 እንጂ 180 አይደለም። መፈተኛው ዜሮ ነው፦ ሳይንቀሳቀስ 50 ከጠየቀ ርቱዕ ወደር አይደለም። 3 ነጠላ በ2 ሰዓት ከደረቀ 6 ነጠላ በ4 ሰዓት የሚሉም አሉ፤ ፀሐይዋ ተራ የምታስይዝ ይመስል።

1 ሰዓት ከ30 ደቂቃን 1.30 ብሎ የሚያባዛውን ነገ።