የሀስከርስ ከተማ፣ 1995

ሊንከን፣ ነብራስካ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነዳጅ ማደያ ውስጥ እሠራ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ሀስከርስ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። አያቱ፣ ሕፃኑ፣ ውሻው ሳይቀር ቀይ ለብሷል። በረዶውን፣ ቺፕሱን፣ ሶዳውን ጠራርገው ይሄዳሉ። ከተጀመረ በኋላ ግን ዝር የሚል የለም። እኔና ሬዲዮው ብቻ።

እ.ኤ.አ. 1995 ነው። አገሩን ገና እየለመድኩ ነበር። ተማሪዎች ለሚጫወቱት ኳስ ሕዝቡ እንዲህ የሚሆነው ምን ነክቶት ነው እል ነበር። እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲጫወት የሚያየው የዶርም ጓደኛ ነው! ነብራስካ ግን ሌላ ትልቅ ቡድን የላትም፤ ያላት ሀስከርስ ነው። ሜሞሪያል ስታዲየም ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ያላለቀበት ጨዋታ የለም። ከ70 ሺህ በላይ ሰው ሲገባበት፣ ለዚያች ቀን ከኦማሃና ከሊንከን ቀጥሎ ሦስተኛው ከተማ እሱ ነው ይላሉ። ያኔ ቡድኑ መጀመሪያ ሲያገባ ደጋፊው ቀይ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቅ ነበር። ከማደያው ደጃፍ ሆኜ አየው ነበር።

አጨዋወቱን ያስረዱኝ ቡና ሊጠጡ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ላይተሩን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች፣ አደረጉት፤ ሯጮቹን ደግሞ ሁለት እስክሪብቶ ከጎኑ። «ኦፕሽን» የሚሉት ነው። ላይተሩ ኳሱን ይዞ ወደ ጎን ይሮጣል። ተከላካዩ ወደ እሱ ከመጣ ለእስክሪብቶው ይወረውራል፤ ወደ እስክሪብቶው ከሄደ ራሱ ይዞ ይበራል። ውሳኔው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ያን ዓመት ላይተሩ ቶሚ ፍሬዘር ነበር። አሠልጣኙ ቶም ኦዝቦርን ደግሞ ሲያሸንፉም ፊታቸው አይፈታም።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን አሪዞና ስቴት መጣ። 77 ለ28! ለእረፍት ሲወጡ ብቻ 63 ነጥብ አግብተው ነበር። ሚዙሪን 57 ለ0፣ አይዋ ስቴትን 73 ለ14፣ ኦክላሆማን 37 ለ0። ዓመቱን ሙሉ የተፎካከራቸው ቢባል ዋሽንግተን ስቴት ነው፤ እሱም 35 ለ21 ተሸንፎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይሰለቻል። በጊዮርጊስና በቡና ደርቢ ላደገ ሰው፣ ልብ ካልተሰቀለ ምኑን ኳስ ሆነ?

የከተማውን አፍ ያዘጋው የሎውረንስ ፊሊፕስ ጉዳይ ነው። የቡድኑ ምርጥ ሯጭ መስከረም ላይ የቀድሞ ፍቅረኛውን ደብድቦ ታሰረ። ኦዝቦርን ስድስት ጨዋታ አገዱትና መለሱት፤ ልጁን ከኳሱ ብናርቀው ጨርሶ ይጠፋል ባይ ነበሩ። ማደያው ውስጥ ወንዶቹ ወሬውን በአጭሩ ይቀጩታል። አንዲት ደንበኛዬ ግን ቀዩን ሹራቧን ከዚያ ወዲህ አልለበሰችም። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ያለ እሱም እያሸነፉ ነበር እኮ፤ ምን አስቸኮላቸው?

ጥር 2፣ 1996 በእነሱ አቆጣጠር ፊየስታ ቦውል የሚሉት የዋንጫ ፍጻሜ ነበር፤ አሪዞና ውስጥ፣ ከፍሎሪዳ ጋር። ጎረቤቴ ጠራኝ። እነሱ የዶሮ ክንፍ ይግጣሉ፣ እኔ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንኩ ሽሮዬን በዕቃ ይዤ ሄድኩ። ስቲቭ ስፐሪየር የሚያሠለጥነው ፍሎሪዳም እስከዚያ ድረስ አልተሸነፈም ነበር፤ በመጀመሪያው ሩብ እንዲያውም ይመራ ነበር። ሁለተኛው ሩብ ላይ ነብራስካ 29 ነጥብ አገባበት። ከዚያ ፍሬዘር 75 ያርድ ሮጠ። አንዱ እግሩን፣ ሌላው ወገቡን ይይዛል፤ ክምር ውስጥ ገባ፣ አለቀለት ስንል ከወዲያ በኩል ብቅ አለ። ቤቱ ተደበላለቀ፣ ሽሮዬ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። 62 ለ24። 12 ጨዋታ፣ 12 ድል፣ ተከታታይ ሁለተኛ ዋንጫ።

በ1997 አንድ ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የለም። ለዚህ ይመስለኛል ሊንከን ያሉ ወዳጆቼ ስደውልላቸው ዛሬም ስለ 1995 የሚያወሩት። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የሂዝማን ሽልማት ለፍሬዘር መሆኑ ቀርቶ ለኦሃዮ ስቴቱ ኤዲ ጆርጅ መሰጠቱ እስካሁን ያንገበግባቸዋል። በዚህኛው እኔም አብሬያቸው እናደዳለሁ።